ይመር አሊ አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?

ባለፈው ዓመት ከፍልሰታ ጾም በኋላ ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ የእኛው አገር ልጅ ነው፤ ከወረኢሉ ወጣ ብሎ፣ ከእኛ ቤት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው የሚኖሩት። እህቴ ወዳዋለች፣ እናቴም ወዳዋለች፣ እኔም በስልክ አነጋግሬው ደስ ብሎኛል። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ደንቡ «መጀመሪያ ዘር ይቆጠር» አሉ። ተቆጠረ። በእኛ በኩል ሲቆጠር ይመር አሊ የሚባል ሰው ላይ ተደረሰ። በልጁም በኩል ሲቆጠር ይመር አሊ ላይ ተደረሰ። ትልቁ አጎታችን፣ ጋሼ የምንለው፣ «በቃ፣ ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው። ቡናውን ጠጡና በሰላም ሂዱ» አላቸው።

እሑድ ስደውል እህቴ አላወራችም፣ ዝም ብላ ታለቅሳለች። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ነገረችኝ።

እንደምታውቁት በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይሞላ አይጋቡም። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። በእኛ በኩል ቆጠራው እንዲህ ነው፦ እህቴ፣ አባቴ፣ አያቴ ምትኩ፣ የምትኩ አባት አራጋው፣ የአራጋው አባት ይመር፣ የይመር አባት አሊ። በልጁ በኩል ደግሞ፦ ልጁ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ የአያቱ አባት ይመር፣ የይመር አባት አሊ። ይመር አንድ ሰው ከሆነ በእኛ በኩል አራት ቤት፣ በእነሱ በኩል ሦስት ቤት ነው። ሰባት አይሞላም፤ ጋብቻው የለም ማለት ነው። ይመር ሁለት ሰው ከሆነ ግን ምንም ዝምድና የለም። የእህቴ ኑሮ በዚህ አንድ ስም ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ታሪክ ግን እወድ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ተሳስቼ አለቀስኩ። ጥያቄው ስለ ካሣ ነበር። እኔ የጻፍኩት ስለ ቴዎድሮስ ነው፣ የተጠየቀው ግን ስለ ዮሐንስ ነበር። ለካ ሁለቱም ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ነበሩ። አንዱ ካሣ ኃይሉ ነው፣ በ1847 አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው። ሌላው ካሣ ምርጫ ነው፣ በ1864 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብሎ የነገሠው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።) መምህራችን ያኔ የነገሩንን አልረሳሁትም፦ ስሙ ሲያሳስታችሁ የአባቱን ስም ጠይቁ፣ ያም ካልበቃ የፈረስ ስሙን ጠይቁ አሉን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ። እንዲህ አድርገው ነበር ሰው ከሰው የሚለዩት።

እህቴ ስታለቅስ ይሄ ትዝ አለኝ። ነገሥታት እንኳ በስም ከተምታቱ ሁለት ገበሬ ቢምታታ ምን ይገርማል? ታዲያ የእኛ ይመሮች በአባትም ስም አንድ ሆኑ፤ ሁለቱም አሊ። የፈረስ ስም ደግሞ የላቸውም።

መጀመሪያ ግን ስማችን ለምን እንዲህ እንደሚምታታ ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ የምንኖር ሁላችን በየቀኑ የሚያጋጥመን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለ፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። በፓስፖርቴ መጨረሻ ላይ ያለው ምትኩ ነው። መዳም ይሄን የቤተሰቤ ስም ነው ብላ ታስባለች። ግን አባቴ ፓስፖርት ቢያወጣ የእሱ መጨረሻ አራጋው ይሆናል። እኔ ልጅ ብወልድና ለልጄ ልጅ ፓስፖርት ቢወጣለት ምትኩ የሚለው ስም ጨርሶ አይኖርም። በእኛ ዘንድ ስም እንደ ወንዝ አይወርድም፤ በየትውልዱ አንዱ ከፊት ሲገባ አንዱ ከኋላ ይወድቃል። ስለዚህ ከወረቀት ላይ ሦስት ሰው ብቻ ነው የምናገኘው። ከዚያ በላይ ያለው ያለው በሰው አፍ ነው። በሰው አፍ ያለ ነገር ደግሞ ሰውየው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

በወሎ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አሊ፣ ሰይድ፣ ይመር፣ ይማም የሚሉ ስሞች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት አሉ። ስሙን ሰምታችሁ ሃይማኖቱን አታውቁም። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1870 አፄ ዮሐንስ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ከባላባቶቹ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ የክርስትና አባቱ ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ነበሩ። በኋላ ራስ ሚካኤል፣ ከዚያም በ1906 ንጉሥ ሚካኤል የሆነው ሰው እሱ ነው፤ የልጅ ኢያሱ አባት። እነ ሼህ ጠልሃ ግን እምቢ ብለው ተነሡ። ተራው ሕዝብም አንዳንዱ ተጠመቀ፣ አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ሄደ፣ አንዳንዱም ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ ይባላል። ስለዚህ በወሎ አንድ ሰው በሁለት ስም ይገኛል፣ ሁለት ሰውም በአንድ ስም ይገኛል። ዘር የሚቆጥር ሰው ይሄን ካላወቀ ይሳሳታል።

እንግዲህ ደብተር ገዝቼ እሑድ እሑድ መደወል ጀመርኩ። ሌላውን ቀን ደግሞ ማታ ሥራ ስጨርስ በኢሞ የድምፅ መልእክት እልካለሁ፣ ጠዋት መልሱን እሰማለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጋሼን ነው። ጋሼ እንዲህ አለኝ፦ «ይመር ማለት እኮ የአድዋ ዘማች ነው። ከራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ጋር ዘምቷል። ጣሊያን ሁለተኛ ሲመጣም ጫካ ገብቶ አርበኛ ሆኖ አምስት ዓመት ተዋግቷል። እንዲህ ያለ ሰው ልጆች ነን!» በደንብ ጻፍኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ሠራሁ።

አድዋ 1888 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የምኒልክ ጦር የተሰበሰበው እኛው አገር ወረኢሉ ነበር፤ ስለዚህ የአገራችን ሽማግሌ ይሄን ዓመት አይስትም። በ1888 ፈረስ ጋልቦ የዘመተ ሰው ቢያንስ ሃያ ዓመት ይሆነዋል። ጣሊያን ሁለተኛ የመጣው 1928 ነው፣ የወጣው 1933። ያው ሰው ከሆነ ጫካ ሲገባ ስድሳ አልፎታል። ይሄ አይቻልም አልልም፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸው የተዋጉ አርበኞች ነበሩ። ግን ቆይ አልኩ። የልጁ አያት፣ የይመር ልጅ፣ የተወለደው ጣሊያን ሊገባ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው አሉኝ። የእኛ አራጋው ደግሞ የይመር ልጅ ሆኖ በአድዋ ጊዜ የሚድህ ሕፃን ነበር። በሁለት ወንድማማች መካከል ወደ አርባ ዓመት ገደማ ልዩነት? ከሌላ ሚስት ሊሆን ይችላል። ብቻ ልቤ ተጠራጠረ። ሰው ሲወራለት የሁለት ሰው ጀግንነት ለአንድ ሰው ይደረብለታል፣ በተለይ ስማቸው አንድ ሲሆን።

ሁለተኛ ያሰብኩት የአያቴን ስም ነው። ምትኩ። በአገራችን ስም ዝም ብሎ አይወጣም። ሰው ሞቶ የተወለደ ልጅ ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ ይባላል። ስለዚህ አያቴ ሲወለድ ቤቱ ውስጥ የሞተ ሰው ነበር ማለት ነው። ማን? ጋሼን ብጠይቀው «ሰገሌ ላይ በሞተው በአጎቱ ምትክ ነው» አለኝ። ሰገሌ ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ ጦር ጋር ገጥመው የተማረኩበት ነው፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909። ከወሎ የሄደው ሰው ብዙው አልተመለሰም፤ የአራጋው ወንድምም እዚያው ቀርቷል። የጋሼ መልስ ልክ መሰለኝ። ልተወውም ነበር።

ከዚያ ግን ያልጠየቅኩት ሰው እንዳለ ትዝ አለኝ። እምዬ! የምትኩ ሚስት፣ አያቴ። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ እየፈተለች ሁሉን ትሰማለች። ሽማግሌዎቹ መጥተው ዘር ሲቆጥሩ ቡና ቀረበላቸው፣ እንጀራ ቀረበላቸው፤ እምዬን ግን የጠየቃት የለም። ዘር የምትቆጥረው በወንድ አፍ ነዋ! እህቴን «ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት» አልኳት። እምዬ ጆሮዋ ትንሽ ስለከበደ እየጮህኩ ጠየቅኳት፣ እዚህ መዳም ሰምታ ምን ሆንሽ ብላ መጣች።

«እምዬ፣ ጋሽ ምትኩ በማን ምትክ ነው የተወለደው?»

«በአያቱ ነዋ፤ በይመር። በኅዳር በሽታ ሞቶ።»

የኅዳር በሽታ 1911 ነው። ዓለምን ሁሉ የጨረሰው ጉንፋን በዚያ ዓመት ኅዳር ወር ላይ አገራችን ገብቶ ስንቱን ቤት ዘጋ። እስካሁን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ ከዚያ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። እምዬ ይሄን የሰማችው ከአማቷ፣ ከአራጋው ሚስት ነው። አማቷ ይመር ሲሞት አማኝ ሆና እዚያው ቤት የነበረች ምራት ናት። ቀባሪ ጠፍቶ ባሏና አንድ ጎረቤት ብቻ እንደቀበሩት፣ ተዝካሩንም በአርባው ማውጣት አቅቷቸው እስከ ፋሲካ እንዳቆዩት ነግራታለች። በዓመቱ መስከረም ላይ ልጅ ተወለደ፣ ምትኩ ተባለ።

ይመር በ1911 ከሞተ በ1928 አርበኛ ሊሆን አይችልም።

ለጋሼ ደወልኩለት። ተቆጣ። «አሮጊት የምታወራውን ይዘሽ ነው አባታችንን የምትቆርጪብን?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ጋሼ ከልጅነቱ ጀምሮ በሰርግም በለቅሶም በዚያ አርበኛ ሲፎክር ኖሯል። አሁን እኔ ከቤይሩት ደውዬ ግማሹን አያት ልወስድበት ነው። ግን አንድ ነገር ልክ ነው፤ የአንድ ሰው ቃል አይበቃም። ሌላ ምስክር ፈለግኩ።

ሁለተኛው ምስክር የክርስትና ስም ነው። ክርስቲያን ወንድ ሕፃን በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የምትቀበለው ስም። ሰው በሠፈሩ ይመር ይባል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ይመርን አታውቅም። ፍትሐት ሲፈታ፣ ተዝካር ሲወጣ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ስለዚህ በዓለም ስም የተምታቱ ሰዎች በክርስትና ስም ይለያሉ። እምዬን ጠየቅኳት። «ወልደ ሚካኤል ነበር። ከብት ጠባቂ ልጅ ሆኖ ነው የተጠመቀው፣ በዮሐንስ ጊዜ፣ ከአባቱ ጋር» አለች። በ1870 እረኛ ልጅ የነበረ በ1888 ዘማች ይሆናል፤ ቁጥሩም ገጠመልኝ። የልጁ አክስት ዘንድ ደግሞ እህቴ በእናቴ በኩል አስጠየቀች። እሷም አሮጊት ናት፣ የአርበኛው የልጅ ልጅ። «አባባ ይመር ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ ለጊዮርጊስ ዝክር ያወጣ ነበር፣ አሁንም እኛ እናወጣለን» አለች። አባቱ አሊ ደግሞ ከለጋምቦ መጥቶ የሰፈረ ሰው ነው አለች። የእኛ አሊ እዚያው የተወለደ ነው። አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ይመር አይልምና አሊዎቹም ሁለት ናቸው ማለት ነው።

ሦስተኛው ምስክር እናት ናት። ይሄ ለእኔ ትልቁ ነው። እምዬን «የይመር እናት ማን ትባላለች?» ስላት አላመነታችም፤ «ዘይነባ» አለች። ዘይነባ ባሏና ልጇ ሲጠመቁ እሷ አልጠመቅም ብላ ወደ ወገኖቿ ሄደች። ይመር ካደገ በኋላ እህልና ቅቤ እየጫነ ሊጠይቃት ይሄድ ነበር። የልጁ አክስት ደግሞ የእነሱ ይመር እናት ብርቄ ናት አለች። አባቶቹ ሁለቱም አሊ፣ ልጆቹ ሁለቱም ይመር፤ እናቶቹ ግን ዘይነባና ብርቄ። ወንዶቹ በተቆጠሩ ቁጥር ነገሩ ይጠላለፍ ነበር፣ እናቶቹ ሲጠየቁ ተፈታ። ደግሞ እኮ እዚህ አገር ፎርም ስንሞላ የእናታችንን ስም ይጠይቁናል፤ እኔ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፣ ለምን ይፈልጉታል እያልኩ። አሁን ገባኝ።

አራተኛው ምስክር መሬት ነው፣ ይሄን ያመጣው ሳያስበው ራሱ ጋሼ ነው። በድሮ ጊዜ ርስት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ነበር። ከአቅኚው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ያሳየ ሰው ድርሻዬን ብሎ ይጠይቃል። ዳኛ ፊት ቆሞ አባቶቹን ስም በስም የሚጠራ ሰው ነበር ርስት የሚያገኘው። ለዚህ ነው የድሮ ሰው ዘሩን እንደ ዳዊት የሚያውቀው፤ ካላወቀ ማሳው ይሄዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገና ያ ሙግት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዘር የሚቆጠረው ለጋብቻ ብቻ ሆነ። ታዲያ ጋሼ «አባታችን ምትኩ በንጉሡ ጊዜ የይመርን መሬት ከዘመዶቹ ጋር ሦስት ዓመት ተሟግቷል» ብሎ ሲያጫውተኝ እኔ ጠየቅኩት፦

«ጋሼ፣ የእነዚያ ሰዎች አያት ድርሻዬን ብሎ መጥቶ ነበር?»

«ኧረ አልመጣም። እሱ ምን አግብቶት?»

«የይመር የገዛ ልጁ ከሆነ እንዴት አያገባውም?»

ጋሼ ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም። የራሱ የአባቱ ልጅ ሆኖ፣ ጎረቤት ቀበሌ ተቀምጦ፣ የልጅ ልጁ ምትኩ ሦስት ዓመት ሲሟገት እያየ ድርሻውን የማይጠይቅ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ያልጠየቀው ስለማይቆጠርለት ነው። ጋሼ ከመሬት ሙግት ጋር ያደገ ሰው ስለሆነ ይሄ ከእምዬም ከእኔም ቃል በላይ ገባው።

በኅዳር ወር ሽማግሌዎቹ እንደገና ተጠሩ። በዚህ ጊዜ እምዬ በበርጩማ ከመካከላቸው ተቀመጠች፤ የልጁም አክስት በበቅሎ መጣች። እህቴ ስልኩን ይዛ ከበሩ ላይ ቆማ አሰማችኝ። ሁለቱ አሮጊቶች አንዷ ዘይነባ ስትል፣ ሌላዋ ብርቄ ስትል፣ አንዷ ወልደ ሚካኤል፣ ሌላዋ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ አንዷ በኅዳር በሽታ ሞተ፣ ሌላዋ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በሰላም አልጋው ላይ ሞተ ስትል ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋናው ሽማግሌ «ሁለት ናቸው» አለ። ጋሼ ትንሽ ቆየና «እንግዲህ አድዋው የኛ፣ አርበኛው የእናንተ» አላቸው። ሳቁ። እኔ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ከፍቶታል። በሌላው እሑድ ለብቻው ደውዬ «ጋሼ፣ አርበኛው አልጠፋም እኮ፣ በአማችነት ተመልሶ ገባ» አልኩት። «አንቺ ልጅ ነገር ታውቂያለሽ» አለኝና ትንሽ ቀለለው።

ሰርጉ በጥር ከጥምቀት በኋላ ሆነ። እኔ በኢሞ ነው ያየሁት፣ ኔትወርኩ እየቆረጠ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ስለ እኛ ማሰብ ጀመርኩ። ከይመር ጊዜ እስከ አሁን ስም ያልተምታታበት ዘመን የለም፣ የእኛ ደግሞ ይብሳል። መዳም ስሜን መጥራት ከብዷት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ሳራ ትለኛለች። የሕንፃው ጠባቂም፣ የሱቁም ሰው የሚያውቀኝ ሳራ ብሎ ነው። እዚሁ ሕንፃ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ያለችው የእኛ አገር ልጅም ሳራ ናት! ከእኛ መካከል ደግሞ ደላላው የሌላ ስም፣ የሌላ አባት፣ የሌላ ዕድሜ ጽፎላት የመጣች አለች። ክርስቲያን ሆና በሙስሊም ስም የወጣች አለች። ፎርም ላይ የአባቷን ስም ስትጽፍ እጇ የሚንቀጠቀጥ እህት አውቃለሁ፣ የማታውቀው ሰው ስም ነውና። እኛም እንደ ቦሩ ሜዳ ሰዎች አንድ ሰው በሁለት ስም ሆነናል። ልዩነቱ እነሱ አገራቸው ላይ ነበሩ፤ ጎረቤቱ ያውቃቸዋል፣ እንደ እምዬ ያለ ሰው ይናገርላቸዋል። እኛን እዚህ ማን ያውቀናል?

ይሄ የወግ ነገር ብቻ አይደለም። አንዷ ብትታመም፣ ብትታሰር፣ እግዚአብሔር አያድርገውና ብትሞት የሚጠራው የወረቀቱ ስም ነው። አገር ቤት ያለችው እናት ግን ያንን ስም ሰምታው አታውቅም። ልጄ ናት የምትለው ሌላ ስም ነው። ሁለቱን ስም የሚያገናኝ ሰው ከሌለ አንዷ ሴት ሁለት ሆና ትቀራለች፦ እዚህ ዘመድ የሌላት፣ እዚያ ደብዛዋ የጠፋ።

ስለዚህ እህቶቼ፣ እኔ ያደረግኩትን አድርጉ እላችኋለሁ። አንድ ደብተር ግዙ። መጀመሪያ ስለ ራሳችሁ ጻፉ፦ እናታችሁ የምትጠራችሁ ስም፣ የክርስትና ስም ካላችሁ እሱን፣ ፓስፖርት ላይ ያለው ስም፣ ቤቱ ውስጥ የምትጠሩበት ስም፣ የእናታችሁ ስም፣ የተወለዳችሁበት ቀበሌና ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ። ይሄንኑ አንድ ለምታምኗት ጓደኛ፣ አንድ ደግሞ ለአገር ቤት ላኩ።

ከዚያ የቀደሙትን ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ነገር ያዙ። የዓለም ስሙን፣ የሃይማኖት ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ አገሩን፣ የሞተበትን ጊዜ። ዓመት አናውቅም ካሏችሁ በቁጥር አትጠይቁ፣ በነገር ጠይቁ። «ጣሊያን ሲገባ ስንት ልጅ ነበረው? መሬት ሲወረስ በሕይወት ነበር? በሰባ ሰባት ድርቅ የት ነበሩ?» በሉ። ሰው ዓመቱን ቢረሳ የደረሰበትን አይረሳም። ስሙም ራሱ ይናገራል፤ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ካሣ የሚባል ካለ በማን ምትክ ነው በሉ። ግን ስም ብቻውን አይመንም፤ ጋሼም እኔም በአንድ ስም ሁለት መልስ ነበረን። ሁለት ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲናገር ያኔ ጻፉት። ሰው ስትጠይቁ ደግሞ የሚወደውን ነገር እንደምትነኩ እወቁና በቀስታ አድርጉት።

ከሁሉ በላይ ሴቶቹን ጠይቁ። እምዬ ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው ይሉኛል። ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ «ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?» ብላት «ማን ጠየቀኝ ልጄ?» አለችኝ። ዘይነባን ያወቅኳት በእሷ ነው። አሁን የዘይነባ ወገኖች የት እንዳሉ እያስጠየቅኩ ነው። በእናት በኩል የሙስሊም ዘመዶች አሉን ማለት ነው፤ ይመር ቅቤ ጭኖ ይሄድባቸው የነበሩት። እምዬ አካባቢውን ታውቀዋለች፣ የሰዎቹን ስም ግን ረስታዋለች። «አብሽሪ፣ ትዝ ሲለኝ እነግርሻለሁ» ብላኛለች።

እሑድ ስትደውሉ ገንዘቡ ደረሰ ወይ ከማለታችሁ በፊት አያት ያላችሁ አያታችሁን አቅርቡልኝ በሉ።